ደዋይ ድንጋዮች፦ ቅድመ ታሪክን በጆሮ ስለ ማጥናት

የትርጉም ሥራ ለሚሠራ ሰው በአንዲት ቃል ላይ ተቀምጦ መዋል ብርቅ አይደለም። እኔን ያስዋለችኝ ቃል የተገኘችው ስለ ሱዳን ጥንታዊ ቅርሶች ከተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጽሑፉ በናይል ዳር ስለሚገኙና በሌላ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ስለሚያቃጭሉ ዓለቶች ያወሳል። እኔም ብዙ ሳላስብ «የድንጋይ ደወል» ብዬ ተረጎምሁና ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አለፍሁ። ግማሽ ገጽ ከሄድሁ በኋላ ግን ተመልሼ ሰረዝሁት። አማርኛ ያንን ስም ቀድሞ ለሌላ ነገር ሰጥቶታልና።

የድንጋይ ደወል ሲባል የአማርኛ አንባቢ ምን እንደሆነ ያውቃል። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት፣ በትግራይም ሆነ በሌሎች የቆዩ አድባራት፣ ከዛፍ ወይም ከእንጨት ላይ በጠፍርና በገመድ የተንጠለጠሉ ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ናቸው። በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ ጥርት ያለና ሩቅ የሚሄድ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ካህናቱንና ምእመናኑን ለጸሎት ይጠራሉ። መረዋም ይባላሉ። አንድ ሰው ሲዘምር ሰምተን «መረዋ ድምፅ አለው» ስንል ሳናውቀው ከድንጋይ ጋር እያመሳሰልነው ነው።

በናይል ዳር ያሉት ግን አልተንጠለጠሉም። ማንም አልጠረባቸውም፣ ማንም ከቦታቸው አላነሣቸውም። ተፈጥሮ እንዳስቀመጠቻቸው ተቀምጠው ሰው ወደ እነርሱ እየሄደ ሲመታቸው ኖሯል። ስለዚህ ከብዙ ማመንታት በኋላ «ደዋይ ድንጋይ» አልኋቸው። የድንጋይ ደወልን ሰው መርጦ ወደሚፈልገው ስፍራ ያመጣዋል፤ ወደ ደዋዩ ድንጋይ ግን የሚሄደው ሰውየው ራሱ ነው። ይህ ልዩነት የተርጓሚ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ወደ ኋላ እንደምናየው ግን የጉዳዩ ዋና ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቅድመ ታሪክ፣ ማለትም ጽሕፈት ከመኖሩ በፊት ስለ ነበረው ረጅም ዘመን፣ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በዓይን የተሰበሰበ ነው። አጥንት፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የዋሻ ሥዕል። እነዚህ ሁሉ ይለካሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ይቀመጣሉ። ድምፅ ግን ከአፍ እንደ ወጣ ይጠፋል፤ በአፈር ንብርብር ውስጥ ተቀብሮ አይቆይም። ከዚህ የተነሣ የጥንቱ ዓለም በመጻሕፍት ውስጥ ሰዎቹ ድዳ፣ ወንዙም ገደሉም ጸጥ ያለ ሆኖ ተሥሎ ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ድምፁ ቢጠፋም ድምፁን ያወጣው ዕቃና ድምፁን የመለሰው ገደል ብዙ ጊዜ አሁንም በቦታቸው አሉ። ይህን መነሻ አድርጎ የተነሣው የምርምር ዘርፍ አርኪዮአኩስቲክስ ይባላል። በዚሁ ስም በክሪስ ስካርና በግሬም ሎሰን አዘጋጅነት በካምብሪጅ የታተመው የጥናት ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣ ወዲህ ዘርፉ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የታወቀ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአፍሪካ ግን ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በናይጄሪያ የጥንታዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው በርናርድ ፋግ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ናይጄሪያ ቢርኒን ኩዱ በተባለ ስፍራ የከብት ሥዕል ያለባቸውን የዓለት መጠለያዎች ሲያጠና፣ ከሥዕሎቹ አጠገብ በመደብደብ ብዛት የተቦረቦሩ ዓለቶች ተመለከተ። ሲመታቸው አቃጨሉ። ፋግ ይህንን በ1956 «ማን» በተባለው የሥነ ሰብእ መጽሔት ላይ አሳተመ። ቀጥሎ የሆነው አስገራሚ ነው። ከሱዳን፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ «እኛም ዘንድ አለ» የሚሉ መልእክቶች ተከታተሉ። ድንጋዮቹ አዲስ አልነበሩም፤ የአካባቢው ሰው ያውቃቸዋል፣ በአንዳንድ የናይጄሪያ መንደሮችም ገና ይደወሉ ነበር። የጎደለው ተመራማሪው ማስታወሻ ደብተሩን አስቀምጦ ድንጋዩን መምታቱ ብቻ ነበር። ካትሪን ፋግ ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉራት የተሰበሰበውን መረጃ አጠናቅራ «የዓለት ሙዚቃ» በሚል ርእስ በኦክስፎርዱ ፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር በኩል ያሳተመችው በ1997 ነው።

ለመሆኑ ድንጋይ ለምን ይደውላል? ሁሉም አይደውልም። ድንጋዩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወጥና ውስጣዊ ስንጥቅ የሌለበት ሊሆን ይገባል። ዶለራይት፣ አንዳንድ ግራናይት፣ ፎኖላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ ይመቻሉ። የኋለኛው ስም ራሱ በግሪክኛ «የድምፅ ድንጋይ» ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ አድባራት የድንጋይ ደወሎችም በብዙ ቦታ ከእርሱ የተገኙ ናቸው። ሁለተኛው ሁኔታ ከዚህ ይበልጣል። ድንጋዩ በጥቂት ነጥቦች ብቻ መደገፍ አለበት። ሰፊ አካሉ መሬት ላይ ከተኛ ወይም ከሥሩ አፈር ከሞላበት ንዝረቱን መሬት ይውጠዋል። ይህንን ከመጽሐፍ ሳይሆን ያየሁት በዘጌ ነው። አንድ ጠዋት የአንደኛው ድንጋይ ጠፍር ተበጥሶ ሊቀየር ወርዶ ነበር። ደወሉን የሚደውሉት አባት ድንጋዩ መሬት ላይ እንዳለ አንዴ መቱት፤ ጣውላ የተመታ ይመስል ድፍን ድምፅ ሰጠ። «ይኸው ልጄ፣ አሁን ድንጋይ ነው» አሉኝ። አዲሱ ጠፍር ገብቶ ከፍ ሲል ድጋሚ መቱት። ከሐይቁ ማዶ ሳይሰማ አይቀርም።

ደዋዩን ድንጋይ ከሌላው ለመለየት ዋናው ምልክት በላዩ ያለው ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአፍሪካ ዓለቶች ላይ ሰው የሠራቸው ትናንሽ ጉድጓዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የድምፅ ምልክቶች አይደሉም። አንደኛው ወፍጮ ነው። እህል ወይም ቀለም ሲፈጭ መጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሞላላና ለስላሳ ጎድጓዳ ይተዋል፤ ሁልጊዜም የሚገኘው በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ገበጣ ነው። የገበጣ ጉድጓዶች በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ረድፍ ተሰልፈው ስለሚታዩ ለማወቅ አያስቸግሩም። ሦስተኛው ግን ሌላ ጠባይ አለው። ክብ ነው፣ በአንድ ነጥብ ላይ በተደጋጋሚ ከመመታት የመጣ ነው፤ በዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ በቀጥ ያለ ጎኑ ላይ፣ አንዳንዴም ወደ ታች በሚያይ ገጹ ላይ ይገኛል። በቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ማንም እህል አይፈጭም፤ ጠጠርም አይጫወትም። እዚያ ላይ የተመታው ድንጋዩ ስለሚሰማ ነው። አንዱን ዓለት በተለያየ ጎኑ ሲመቱት የተለያየ ቃና ይሰጣል፤ ጉድጓዶቹም ብዙ ጊዜ የሚገኙት ድምፁ ጎልቶ በሚወጣባቸው ነጥቦች ላይ ነው። መቺው ዓለቱን እየሞከረ መርጧል ማለት ነው። ይህ ከሺህ ዓመታት በኋላ ሊነበብ የሚችል የጆሮ ፍርድ ነው። እኔ በበኩሌ ከዋሻ ሥዕል ያልተናነሰ ሰነድ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ዕድሜውን ማወቅ ሌላ ችግር ነው። ድንጋይ መቼ እንደ ተመታ አይናገርም። በረሃ ውስጥ የዓለት ገጽ ከዘመን ብዛት ጥቁር ቡናማ ልባስ ያወጣል፤ ጉድጓዱ እንደ ዙሪያው ጠቁሮ ከተገኘ አሮጌ ነው፤ ነጣ ብሎ ከታየ ቅርብ ጊዜ ተመትቷል። ይህ ግን ማስቀደምና ማስከተልን እንጂ ቁጥርን አይሰጥም። ከዚህም በላይ አንድ ድንጋይ በአንድ ዘመን ተጀምሮ በሌላ ዘመን፣ በሌላ ሕዝብ፣ ለሌላ ዓላማ ሊደወል ይችላል። ስለዚህ «የድንጋይ ዘመን ሙዚቃ» የሚሉ የጋዜጣ ርእሶችን ሳይ ራሴን እነቀንቃለሁ።

በዚህ በእኛ ቀጠና ካሉት ስፍራዎች እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚመስጠኝ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በዩጋንዳ ወሰን ያለችው የሎሉዊ ደሴት ነች። ዶልዌም ትባላለች። በደሴቲቱ የዓለት ሥዕሎች፣ ብዙ የመፍጫ ጎድጓዶችና ደዋይ ድንጋዮች አሉ። በ1965 ጃክሰን፣ ጋርትላንና ፖዝናንስኪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ደዋይ ድንጋዮቹንና ከእነርሱ ጋር የተያያዙትን ሥዕሎች የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ያሳተሙት በዚያው በ«ማን» መጽሔት ነበር። ከሦስቱ አንዱ ጋርትላን ወደ ደሴቲቱ የሄደው የጦጣዎችን አኗኗር ለማጥናት ነው። ጦጣ ለማጥናት ለምን ወደ ሎሉዊ? ሰው ስላልነበረባት።

የዚህ ምክንያት የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። በ1900 አካባቢ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የእንቅልፍ በሽታ ተነሣ። በፄፄ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በዩጋንዳ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ከ1900ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሐይቁን ዳርና ደሴቶቹን ከሰው አስለቀቀ። የሎሉዊም ነዋሪዎች ተነሥተው በየብሱ ላይ ተበተኑ። ድንጋዮቹ በቦታቸው ቀሩ፤ መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደሚደወሉ የሚያውቁት ግን ሄዱ። ተመራማሪዎቹ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይተው ሲደርሱ ድንጋዩን መምታት ቻሉ፤ ድምፁንም ሰሙ። የሰሙት ድምፅ ምን ማለት እንደ ነበር የሚነግራቸው ሰው በደሴቲቱ ላይ አልነበረም። ለዝናብ? ለሞት ዜና? ጀልባ ሲመጣ ለማስጠንቀቅ? ወይስ ልጆች ለጨዋታ? ጉድጓዱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

በታንዛኒያ ሰሬንጌቲ፣ ሞሩ በተባሉት የዓለት ኮረብቶች መካከል ያለው ደዋይ ድንጋይም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ዛሬ አስጎብኚው ቱሪስቱን አውርዶ ጠጠር ያቀብለዋል፤ ቱሪስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ መትቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። የአሁኑ ጉድጓድ ጥልቀት ስንቱ የጥንት፣ ስንቱ የቱሪስት እንደሆነ ለመጪው ተመራማሪ አስቸጋሪ ጥያቄ ይሆንበታል።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚመታው ድንጋይ ነው። ድምፅን የሚመልሰውስ? አማርኛ ለዚህ ድንቅ ቃል አለው፤ የገደል ማሚቶ። ሰው በገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ የምትመልስለት ማሚቶ የተባለች አንዲት ሴት ናት፤ ገደሉ ውስጥ ትኖራለች። የፊዚክስ መጽሐፍ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ፣ ጆሮም ሁለት ድምፆችን ለይቶ ለመስማት የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልገው፣ ስለዚህ 17 ሜትር ከሚያህል ርቀት ጀምሮ ግድግዳው ድምፃችንን ለይቶ እንደሚመልስልን ያስተምራል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ሆኖም በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው ቁጥሩን ሳይሆን ማሚቶን ነው። ድምፁ ከዓለቱ ገጽ ሳይሆን ከዓለቱ በስተጀርባ፣ ከውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የአሜሪካው ስቲቨን ዋለር ይህንኑ ይዞ በ1993 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ፣ ጥንታውያን ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን የሚያስቀምጡበትን ግድግዳ የመረጡት የሚመልሰውን ድምፅ ሰምተው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዓለቱ ውስጥ መናፍስት ወይም የሚጋልቡ እንስሳት ያሉ ይመስል ነበርና።

ከእርሱ በፊት በፈረንሳይ ኢጎር ሬዝኒኮፍና ሚሼል ዶቮዋ ሌላ መንገድ ሄደው ነበር። ሬዝኒኮፍ የሒሳብ ሰው ሲሆን የጥንታዊ ዜማ ባለሙያም ነው። በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ በሚገኙት በኒዮ፣ በፎንታኔና በለ ፖርቴል ዋሻዎች በጨለማ እየተራመደ ያዜማል፤ ድምፁ ጎልቶ በሚመለስበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ መብራት ይበራል። በ1988 እንዳሳተሙት፣ ድምፅ ከሚጎላባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ሥዕል የሚገኝባቸው ሆኑ። በኒዮ «ጥቁሩ አዳራሽ» ተብሎ በሚጠራው፣ በጎሽና በፈረስ ሥዕሎች በተሞላው ክፍል፣ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ አምስት ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ይህ የትልቅ ካቴድራል ያህል ነው።

ይህን ሲያነብ የማይማረክ ሰው የለም። ችግሩም ይኸው መማረኩ ነው። ሥዕል ያለበት ሰፊ አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል፤ ግን ሠዓሊው የመረጠው ስለሚያስተጋባ ነው ወይስ ሰፊና ለስላሳ ግድግዳ ስላለው? ሁለቱ ባሕርያት አብረው ስለሚሄዱ ለመለየት ሥዕል የሌለባቸውንም ቦታዎች በእኩል ትጋት መለካት ያስፈልጋል። በሰሜን ስፔን ይህ ተሞክሯል። በብሩኖ ፋዜንዳ የተመራ ቡድን በላ ጋርማ፣ በኤል ካስቲዮ፣ በላ ፓሲዬጋ፣ በላስ ቺሜኔያስና በቲቶ ቡስቲዮ ዋሻዎች፣ ሥዕል ባለባቸውም በሌለባቸውም ነጥቦች፣ ከድምፅ ማጉያ ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ እየለቀቀ በማይክሮፎን ቀዳ፤ የእያንዳንዱን ነጥብ የድምፅ ጠባይም በስሌት አወጣ። በ2017 የታተመው ውጤት ለጋዜጣ ርእስ የሚሆን አልነበረም። በነጥብና በመስመር ምልክቶች እንዲሁም ዝቅተኛ ቃናን በሚያጎሉ ቦታዎች መካከል ግንኙነት ተገኘ፤ ግንኙነቱ ግን ደካማ ነው። እኔ ይህንን ደካማ ውጤት ከብዙ ጠንካራ ድምዳሜዎች አስበልጬ እወደዋለሁ። ባዶውን ግድግዳም አዳምጧልና።

በዌልስ ደግሞ ከለንደኑ የሥነ ጥበብ ሮያል ኮሌጅ የተነሡት ፖል ዴቨሮና ጆን ዎዘንክሮፍት የፕሬሴሊ ኮረብታዎችን ዓለቶች አንድ በአንድ እየመቱ ዞሩ። ካርን ሜኒን በተባለው ስፍራ ከዓለቶቹ ጥቂት የማይባሉት ይደውላሉ፤ አጠገቡ ያለች ማይንክሎኮግ የምትባል መንደርም ስሟ ከድንጋይና ከደወል ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ደወል ትጠቀም እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ስተረጉም ከጣና ጋር እየተያየሁ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ፣ የስቶንሄንጅ ሰማያዊ ድንጋዮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓጉዘው የተወሰዱት ስለሚደውሉ ነው ወደሚለው ድምዳሜ መዝለሉ አያዋጣም። በ2013 በስቶንሄንጅ በፈቃድ ሲመቱ አንዳንዶቹ የታፈነ ድምፅ ሰጡ፤ መሬት ውስጥ የተተከለ ድንጋይ እንደ ልቡ አይነዝርምና። በ2014 ደግሞ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከሰማያዊዎቹ ድንጋዮች ብዙዎቹ የመጡት ከካርን ሜኒን ሳይሆን ካርን ጎዶግ ከተባለው ሌላ ጉብታ እንደሆነ በድንጋዩ ንጥረ ነገር አሳዩ። ሐሳቡ ፈርሷል አልልም፤ ግን የቆመበት መሬት ጠቧል።

እንግዲህ ወደ ናይል እንመለስ። ካታራክት የሚባሉት ወንዙ በዓለቶችና በደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ የሚንደረደርባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከአቡ ሐመድ በታች ያለው አራተኛው ካታራክት በመልክአ ምድሩ አስቸጋሪነት የተነሣ ለረጅም ጊዜ ከተመራማሪዎች ርቆ የኖረ ነበር። የጥድፊያ ጥናት የተካሄደበት የሜሮዌ ግድብ ሊሠራበት ሲታሰብ ነው። የሱዳን የቅርስ ባለሥልጣን ጥሪ አድርጎ ከፖላንድ፣ ከጀርመን፣ ከብሪታንያና ከሌሎች አገሮች ቡድኖች ገቡ። ከእነርሱ መካከል የነበረችው ኮርኔሊያ ክላይኒትዝ የዓለት ሥዕሎችን ስትመዘግብ ደዋይ ድንጋዮቹንም መመዝገብ ጀመረች። በደሴቶቹና በወንዙ ዳር እጅግ ብዙ ነበሩ። የት እንዳሉ፣ ስንት ቦታ እንደ ተመቱ፣ የመምቻው ነጥብ ወደ የት እንደሚያይ፣ ከአጠገባቸው የከብት ወይም የመስቀል ሥዕል እንዳለ ተጻፈ፤ ድምፃቸውም ተቀዳ።

ወደ መጀመሪያው የቃል ጉዳይ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ቢሆን ኖሮ ጭኖ ወደ ካርቱም መውሰድ ይቻላል። ደዋይ ድንጋይ ግን ከቦታው ሲነሣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። የተደገፈባቸው ሁለትና ሦስት ነጥቦች፣ ከፊቱ ያለው ሸለቆ፣ ድምፁን የሚመልሰው ጉብታ፣ ከሥሩ የሚያገሳው ወንዝ ሁሉ የመሣሪያው አካል ናቸው። ወንዙ ራሱ በክረምት ሲሞላና በበጋ ሲቀንስ ድምፁ ይለያያል፤ ድንጋዩን የመታ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ይሰማ ነበር። ከዚያ ውስጥ መቅጃ መሣሪያ የሚይዘው የመጀመሪያውን፣ የድንጋዩን ቃና፣ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ነዋሪዎቹስ? ግድቡ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ከወንዙ ዳር አፈናቅሏል። በአካባቢው ከሚኖሩት መካከል የመናሲር ሰዎች በሐይቁ ዳርቻ ለመቅረት ብዙ ታግለዋል። ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ የአካባቢው ሰዎች ቁፋሮው የግድቡ አካል ነው፤ ድንጋይ ለማዳን የመጣው ገንዘብ ለእኛ አልመጣም ብለው ተመራማሪዎቹ እንዲወጡ ጠየቁ። ክላይኒትዝና ባልደረባዋ ክላውዲያ ኔዘር በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ጽፈዋል፤ ራሳቸውንም ከጥያቄው ነፃ አላወጡም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ስለ ነዋሪዎቹ ሕይወት ያዘጋጁትን መጽሐፍ «እኛ የወንዙ ሰዎች ነን» የሚል ትርጉም ያለው የዐረብኛ ርእስ ሰጡት። ይህ በተመራማሪ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው። በሎሉዊ በሽታ ያደረገውን በአራተኛው ካታራክት ግድብ ሲደግመው፣ ቢያንስ በዚህኛው ጊዜ ከድንጋዩ ጎን ሰውየውም ተጠይቋል፤ ስሙም ተመዝግቧል፤ ምን እንደሚያስታውስ ተጽፏል።

ውሃው መሙላት የጀመረው በ2008 ነው፤ ግድቡ በመጋቢት ወር 2009 ተመረቀ። 170 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ሐይቅ ዓለቶቹን፣ ደሴቶቹንና የካታራክቱን ግሳት አንድ ላይ ሸፈነ። ሐይቁ አንድ ቀን ቢጎድል እንኳ ድንጋዮቹ ወዲያው አይደውሉም። ንዝረታቸውን ነፃ ያደርገው የነበረው ከሥራቸው ያለው ክፍተት በደለል ይሞላልና፤ አንድ ሰው እጁን አስገብቶ እስኪጠርግላቸው ድረስ እንደዚያ በዘጌ መሬት ላይ እንደ ወረደው ድንጋይ ይሆናሉ። በግድቡ ሥር ከሚሰክነው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው።